ያልነበረው ዕረፍት
(«ዘ ፋብ ፋይቭ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ)

ይህች በእጅ የምትጻፍ መጽሔታችን እስከ ዛሬ ልብ ወለድና ግጥም ስትተች እንጂ ስለ ኳስ ስትጽፍ አልታየችም። አሁን ስለ ቅርጫት ኳስ ብዕር ያነሣነው የሚጻፍ ጠፍቶን አይደለም። ባለፈው ወር በወጣቶች አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሮ የታየው ፊልም ያስነሣው ክርክር ጄኔሬተሩ ከጠፋ በኋላም በጨለማ ውስጥ ስለ ቀጠለ፣ በማግስቱም በውኃ ሰልፍ ላይ ስለ ተደገመ፣ በመጨረሻም ሁለት የልብ ወዳጆችን ስላኰራረፈ ነው። ወዳጅ ከወዳጅ የሚያኰራርፍ ሥራ ሂስ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

የፊልሙ ስም «ድንቆቹ አምስት» እንደ ማለት ነው። ጄሰን ሄሂር የተባለ ዳይሬክተር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተባለው የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልብ ወለድ አይደለም፤ የሆነውን ነገር በዚያው ዘመን በተቀረጸ ሥዕልና በባለታሪኮቹ አንደበት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነው።

የዚያን ምሽት ክርክር በአጭሩ ይህ ነበር። ግማሹ ተመልካች፣ «ልጁ አጥፊ ነው፤ ተምሮ ሰው እንዲሆን በነጻ አስገቡት፣ እሱ ግን ከቁማር አጫዋች ገንዘብ ተቀብሎ ዋሸ» አለ። ግማሹ ደግሞ፣ «አጥፊዎቹስ እነሱ ናቸው፤ በላቡ ሚሊዮን እየዛቁ ለራት የሚሆን ሳንቲም ከለከሉት» ሲል መለሰ። እኛ ሁለቱንም ወገን ካዳመጥን በኋላ አንድ ነገር ታየን። ሁለቱም የተሟገቱት ስለ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ግን አምስት ነበሩ። ይህ ስሕተት የተመልካቹ ብቻ ሳይሆን የፊልሙም ጭምር መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ታሪኩን ላላዩት እንንገር። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ኳስ ተማሪ ከትምህርት በኋላ የሚዝናናበት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ገበያ ነው። የኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይባላል። ይህ ማኅበር በየዓመቱ በመጋቢት ወር የሚደረገውን የቅርጫት ኳስ ውድድር ለሰባት ዓመታት እንዲያሳይ ለሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ፣ ውሉ ከ1991 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው በ1991 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አምስት ልጆችን ባንድ ጊዜ አስገባ። ክሪስ ዌበርና ጄለን ሮዝ የዲትሮይት ልጆች ናቸው፤ ጁዋን ሃዋርድ ከቺካጎ፣ ጂሚ ኪንግና ሬይ ጃክሰን ከቴክሳስ መጡ። አምስቱም ጥቁሮች፣ አምስቱም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ።

አሠልጣኙ ስቲቭ ፊሸር ወቅቱ ሳያልቅ አምስቱንም ባንድነት አሰለፋቸው። በ1992 ለፍጻሜ ደርሰው በዱክ ዩኒቨርሲቲ 71 ለ 51 ተሸነፉ። በ1993 እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ቁምጣና ጥቁር ካልሲ ለብሰው ስለ ገቡ የአገሩ ወጣት ሁሉ እንደነሱ መልበስ ጀመረ። አሮጌው ደጋፊ ግን አኰረፈ፤ በቆዳ ቀለማቸው እየተሰደበ ለትምህርት ቤቱ የተጻፈው ደብዳቤ በፊልሙ ውስጥ ሲነበብ አዳራሻችን ዝም ብሎ ነበር።

ከዚያ ያቺ የሚያዝያ ሌሊት መጣች። በ1993 የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኖርዝ ካሮላይና 73 ለ 71 እየመራ 11 ሰኮንድ ሲቀር፣ ኳሱን የያዘው ዌበር በሜዳው ጥግ በሁለት ተከላካዮች ተከቦ መውጫ አጣ፤ እጆቹንም አጋጥሞ የዕረፍት ምልክት አሳየ። ቡድኑ ግን የተፈቀደለትን ዕረፍት ሁሉ ቀደም ብሎ ጨርሶ ነበር። የሌለ ዕረፍት መጠየቅ በሕጉ ጥፋት ነው። ቅጣት ምቱም ኳሱም ለተቃራኒው ቡድን ተሰጠ፤ ጨዋታው 77 ለ 71 አለቀ። ዌበር ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ዳይሬክተሩ ይህን ቦታ በችሎታ ይዞታል ብንል አላጋነንም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ልባችንን ሊያስጮኽ አልሞከረም፤ የልጁን ፊት አሳይቶ ተወን።

የገንዘቡ ነገር የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ1996 የዚያው ቡድን ሌላ ተጫዋች ይነዳው የነበረ መኪና ተገለበጠ፤ መኪናው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም ምርመራ ወለደ። ምርመራው ኤድ ማርቲን ወደሚባል ሰው አደረሰ። ማርቲን ጡረታ የወጣ የፎርድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ሕገ ወጥ የቁጥር ቁማር ያጫውት ነበር። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ከዚህ ገንዘብ ለአራት የሚሺጋን ተጫዋቾች በጠቅላላው 616 ሺህ ዶላር ሰጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 280 ሺህው የዌበር ነው ተባለ። ሦስቱ ከድንቆቹ አምስት በኋላ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። ሮዝ፣ ሃዋርድ፣ ኪንግና ጃክሰን በዚህ ክስ ውስጥ የሉበትም። ማርቲን በ2002 ጥፋቱን አምኖ ፍርድ ሳይሰጠው በ2003 ሞተ። ዌበርም በ1994 ለማርቲን 38 ሺህ ዶላር ያህል መክፈሉን በ2003 አምኖ ፍርድ ቤትን በመድፈር ጥፋተኛ ሆነ፤ በኋላም 100 ሺህ ዶላር ተቀጣ።

ዩኒቨርሲቲው በ2002 በራሱ ላይ ቅጣት ጣለ። የ1992ን የመጨረሻ ጨዋታዎችና የ1993ን ወቅት በሙሉ ጨምሮ ከ100 በላይ ድሎችን ከመዝገብ ሰረዘ። የሁለቱን ዓመታት የክብር ሰንደቆች ከአዳራሹ ጣሪያ አወረደ፤ ሰንደቆቹም ተጠቅልለው በዩኒቨርሲቲው የታሪክ ቤተ መዛግብት ተቀመጡ። ከውድድሩ ካገኘው ገቢም 450 ሺህ ዶላር ያህል መለሰ። ለማን? ለኤን.ሲ.ኤ.ኤ.። ማኅበሩም በ2003 አራቱ ተጫዋቾች ለ10 ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖራቸው ወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመርምር። ጨዋታው አልነበረም ከተባለ፣ ቴሌቪዥኑ ያሳየው ምን ነበር? በዚያ ሌሊት የተሸጠው ማስታወቂያ ለሻጩ አልተመለሰም። ገዢዎቹ የለበሱት ማልያም ወደ ሱቅ አልተመለሰም። የተሰረዘው የልጆቹ ድል ብቻ ነው። ጁዋን ሃዋርድና ሬይ ጃክሰን አንዲት ሳንቲም ተቀበላችሁ ሳይባሉ የወጣትነታቸው ድል ተፋቀ። ቅጣቱ ኪስን በጣት ነክቶ ትዝታን በእጅ የያዘ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሂስ ሚዛን ካልያዘ ሙግት እንጂ ሂስ አይሆንምና የዩኒቨርሲቲውንም ወገን እንስማ። ልጆቹ በባዶ እጅ አልተጫወቱም። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብና መጽሐፍ ተሰጥቷቸዋል፤ በአሜሪካ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሃዋርድ በ1994 ወደ ፕሮፌሽናል ኳስ ከሄደ በኋላ እንኳ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1995 ከጓደኞቹ ጋር ተመርቋል። ዲግሪ ፍለጋ በሻማ የሚያነብ ወጣት በሞላበት በኛ መንደር ይህን «ምንም» ብሎ መጥራት ነውር ነው። የማርቲንም ገንዘብ ንጹሕ ስጦታ አልነበረም፤ የቁማር ገንዘብ ማጠቢያ ነበር። ዌበርም በመሐላ ቀርቦ እውነቱን አለመናገሩ ማንም ያስገደደው ነገር አይደለም።

እንግዲህ «ብዝበዛ» የምንለው ምኑን ነው? ይህ ቃል በኛ ትውልድ አፍ ብዙ ከመመላለሱ የተነሣ ስለቱ ዶልዱሟል። ብዙዎች ብዝበዛ ማለት ምንም አለመክፈል ይመስላቸዋል። ግን ጭሰኛውም እኮ ከምርቱ ይበላ ነበር! አውድማው ላይ ቆሞ ድርሻውን ይወስዳል። ጥያቄው ድርሻውን ማን ቈረጠው፣ ቢያንስበት መደራደር ይችላል ወይ፣ እምቢ ቢል ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። የሚያበራየው በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር ኦሪት ያዘዘችው በሬው እስኪጠግብ እንዲበላ ብቻ አይመስለንም፤ እህሉ የተገኘው በማን እግር እንደ ሆነ እንዳይረሳ ጭምር ነው።

በዚህ ሚዛን ስናየው የልጆቹ ጉዳይ ግልጽ ይሆናል። የአሠልጣኙን ደመወዝ ገበያው ይወስናል፤ የቴሌቪዥኑን ዋጋ ገበያው ይወስናል፤ የተጫዋቹን ድርሻ ብቻ ሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ማኅበር ተሰብስበው በአንድ ልክ ቈረጡት። መጠሪያውም አብሮ ተበጀ። «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለውን ስም ያወጣው ከ1951 እስከ 1988 ማኅበሩን የመራው ዋልተር ባየርስ ነው። ስሙ የወጣው ለማሞገስ እንዳይመስላችሁ። በሜዳ የተጎዳ ተጫዋች እንደ ሠራተኛ ተቈጥሮ የጉዳት ካሣ እንዳይጠይቅ ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ የኮሎራዶ የኮሌጅ ተጫዋች በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ የሠራተኛ ካሣ ብትጠይቅ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 አይገባሽም አላት። ባየርስ ራሱ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ገና በርዕሱ ላይ የኮሌጅ ስፖርተኞች እንደሚበዘበዙ ጽፎ፣ የገነባውን ሥርዐት አወገዘ። የቤቱ ግንበኛ ቤቱ ዘሟል ሲል ከዚያ የበለጠ ምስክር ምን ይፈለጋል?

ፊልሙ ይህን ሁሉ አይነግረንም፤ አንድ ፊልም ሁሉን ይንገር ማለትም አይገባም። የምንከሰው በሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ዋናው ተራኪ ጄለን ሮዝ ከፊልሙ አዘጋጆች አንዱ ነው። አንደበቱ ጣፋጭ ነው፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። በድህነት ያደገው ሮዝ በወጣትነቱ በዱክ ጥቁር ተጫዋቾች ላይ ያደረበትን ንቀት ሳይሸሽግ መናገሩ ድፍረት ነው። የተነካው የዱኩ ግራንት ሂል ግን የመልሱን ቃል ያገኘው በፊልሙ ውስጥ ሳይሆን ፊልሙ ከታየ በኋላ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ነው። ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ የሆነበት ሸንጎ ውሳኔው እውነት ቢሆንም እንኳ ጥርጣሬ አያጣም።

ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት ይህ ነው። ዌበር ለፊልሙ ቃሉን አልሰጠም። ዳይሬክተሩም በዚህ ባዶ ወንበር ተማረከ። ለምን አልመጣም? ምን ይል ነበር? ይታረቃሉ ወይስ አይታረቁም? ተመልካቹ ይህን ሲያሰላስል ሁለት ሰዎች በካሜራው ፊት ተቀምጠው ሳሉ ሳናያቸው ያልፋሉ፤ ጂሚ ኪንግና ሬይ ጃክሰን።

ዌበርማ በ1993 ገና በሁለተኛ ዓመቱ ወጥቶ በፕሮፌሽናሎቹ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተወሰደ፤ ያልተከፈለውን በሚሊዮን አገኘው። ሮዝና ሃዋርድም በ1994 ተከተሉት፤ ሁለቱም በኤን.ቢ.ኤ. ረጅም ዘመን ተጫወቱ። ኪንግና ጃክሰን ግን እስከ 1995 አራቱን ዓመት ጨረሱ። ኪንግ በምርጫው ሁለተኛ ዙር ተወስዶ በኤን.ቢ.ኤ. ከመቶ ያነሱ ጨዋታዎች ተጫወተ። ጃክሰን እስከ ጭራሹ አልተመረጠም። ለነዚህ ሁለት ሰዎች የኮሌጁ ዓመታት ለኋላ ሀብት የሚያዘጋጁ መሰላል አልነበሩም፤ ጉልበታቸው ከፍተኛ ዋጋ ያወጣበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር። አዳራሹ የሞላው፣ ማልያው የተሸጠው፣ ስማቸው በየቤቱ የተጠራው በነዚያ ዓመታት ነው። ከዚያ ዋጋ ውስጥ በእጃቸው የገባው ቀድሞ የተቈረጠላቸው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ተበዝብዘዋል ወይስ አልተበዘበዙም የሚለውን ጥያቄ በዌበር ላይ መፈተን ስሕተት ነው። በኮከቡ ከፈተንነው፣ «ምን ቸገረው፤ በኋላ ከበረ» ተብሎ ይዘጋል። ሚዛኑ አምስተኛው ልጅ ነው። አንድ ሥርዐት ፍትሐዊ መሆኑ የሚታወቀው አንደኛውን ምን ያህል ከፍ እንዳደረገ በማየት ሳይሆን፣ እኩል ሮጦ ዕጣ ያልወጣለትን በምን እንደ ሸኘው በማየት ነው። ፊልሙ አምስቱን በአንድ ስም ጠርቶ ስለ ጃክሰን የኋላ ኑሮ ጥቂት ብቻ አስይዞን ሰደደን። እኛ «የዳይሬክተሩ ዐይን እንደ ገበያው ዐይን ኮከቡን ተከተለ» እንላለን።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተጫዋች የነበረው ኤድ ኦባነን መልኩን በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ አይቶ በ2009 ከሰሰ፤ በ2014ም ተፈረደለት። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በማኅበሩ ላይ ፈረዱ። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲያካፍል በር ተከፈተ፤ ላለፈው ዘመንም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ተቈረጠ። ካሣው ግን የሚደርሰው ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱት ነው። ትላንት ወንጀል የተባለው ዛሬ ደመወዝ ሲሆን፣ የ1993ቱ ጃክሰን በሁለቱም ዘመን በር ላይ ቀረ።

ይህ ነገር ለኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በየማታው ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ባለው ሜዳ፣ መረብ በሌለው ቅርጫት ላይ የሚዘሉትን ረጃጅም ልጆች ይመልከት። ከስደት ቤተሰብ ወጥቶ በዱክ የተጫወተውን ሉዖል ዴንግን ያውቁታል። በኬንያ የስደተኛ ካምፕ ተወልዶ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተጫወተውን ኑኒ ኦሞትን በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በደቡብ ሱዳን ማልያ አይተውታል። ተስፋቸው ባዶ አይደለም፤ እኛም ልናጨልመው አልጻፍንም። ነገር ግን ከዴንግና ከኦሞት ኋላ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ አምስተኛ ልጆች አሉ። ደግሞም በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ የገባ የውጭ ልጅ እዚያ ሠርቶ ገንዘብ እንዳያገኝ ቪዛው ስለሚያጠብበት፣ ከ2021 በኋላ ከተከፈተው ገበያ በአብዛኛው ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ጓደኛው በመልኩ ሲከፈል እሱ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ላብ በአሮጌው ሕግ ይጫወታል።

ስለዚህ ነገ አንድ መልማይ መጥቶ ቁመት ቢለካ፣ ልጆቻችን ከደስታቸው ጋር ጥያቄም ይያዙ። ጉልበቴ ቢሰበር ትምህርቱ ይቀጥላል ወይ? አሠልጣኙ ቢለወጥ ቦታዬ ይጸናል ወይ? ከጨዋታ በፊት ያለው ሰዓት የክፍል ነው ወይስ የልምምድ? ከኔ በፊት ከወሰዳችኋቸው መካከል ኮከብ ያልሆነው ዛሬ የት ነው? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው መልማይ ለቀሩትም አይኖረውም።

በጠቅላላው ፊልሙ መታየት አለበት ብለን እንፈርዳለን። የተፋቀን ትዝታ መልሶ የጻፈ፣ ወጣቶቹን በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ሙዚቃ ያናገረ ሥራ ነው። የጎደለውን ተመልካቹ ይሙላ። እኛ ግን ያቺን የ11 ሰኮንድ ቦታ ከኳስ ስሕተት በላይ አድርገን አየናት። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቢሊዮን ዶላር በተከፈለበት ሜዳ ጥግ ተከቦ፣ ጥቂት ዕረፍት ለመነ፤ ዕረፍት የለህም ተባለ። አብረውት የሮጡት አራቱም ከዚያች ቅጽበት ዕዳ ከፈሉ። ከአራቱ አንዱ ሬይ ጃክሰን ይባላል። ፊልሙን ዳግመኛ ስታዩ ዐይናችሁን እሱ ላይ አድርጉ።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም የተኰራረፋችሁት ሁለት ወዳጆቻችን፣ ለሚቀጥለው ዕትም ጻፉልን፤ ወረቀት ከኛ ነው። ቸር ይግጠመን።